ዛፏ ጋ ያየሁት ዱካ

ሽሽሽሽሽ…

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሰማው። አየር ከጎማ ሲወጣ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ቀጥሎ ያፏጫል፤ በመጨረሻ እንደ ደከመው ሰው በቀስታ ይተነፍሳል። ቫልቩ የሚዘጋው ያኔ ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች በመለኪያ ያስተነፍሳሉ። እኔ በጆሮዬ ነው። ለዚህ ነው ስሜ ተረስቶ «ጆሮ» የምባለው።

«ኧረ ጎማው ፈነዳ! አንተ ልጅ፣ ሳንጀምር ልትጨርሰን ነው እንዴ?»

ዓይኔን ስገልጥ ከእንግዶቼ አንዷ፣ ባለ መነጽሯ እትዬ፣ አንገታቸውን በኋላው መስኮት አውጥተዋል። አስፋልቱ አልቆ አሸዋው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነን። አምስት መኪኖች ተደርድረዋል፤ እንግዶቹ ፎቶ ይነሳሉ፤ ሾፌሮቹ በየጎማው ሥር ተንበርክከዋል።

«አልፈነዳም እትዬ። ሆን ብዬ ነው ያጎደልኩት። የተነፋ ጎማ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ የጎደለው ነው የሚንሳፈፍ።»

«ሰማህ?» አሉ ወደ ዝምተኛው ባላቸው ዞረው። «የተነፋ ሁሉ ይቀበራል ነው የሚልህ። እኔ ስነግርህ ሃያ ዓመቴ!»

ባልየው ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ። እኔ በከንፈሬ ሳቅሁ። ዓይኔ ግን ከሁሉ ፊት የቆመው መኪና ላይ ነበር። ነጭ፣ አዲስ፣ በሩ ላይ «1» የተጻፈበት። ባለቤቱ እንግዶች የሚልክልን ሆቴል ጌታ ልጅ ነው። ሾፌር አይደለም፤ በሳምንቱ መጨረሻ ለመዝናናት ከፊታችን ይነዳል። «ቁጥር አንድ» ነው የምንለው። የሞተሩ ክዳን ላይ ተደግፎ ውሃ ይጠጣል። እንዴት ደስ ብሎታል! አንድ ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ ደስ አይለውም።

ሄጄ ጎማውን ማየት ነበረብኝ። ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ግን የሚጠረጥር ሰው ማየት የሚፈልግ ይመስላል እንጂ የሚፈራው ማየትን ነው። ደግሞስ ምን ላረጋግጥ? ያየሁትን አይቻለሁ።

ያየሁት እንዲህ ነው።

እሷ የአለቃችን ልጅ ናት። እንግዶቹን አሸዋው መሐል እራት የምናበላበት ካምፕ ላይ እንግዳ ትመዘግባለች። ለእያንዳንዱ ሾፌር በየቀኑ አንድ ትንሽ ወረቀት ትጽፋለች፦ ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ሽማግሌ ካለ፣ ወገቡን የሚያመው ካለ። ወረቀቱን የፀሐይ መከላከያው ላይ እንሰካዋለን። የኔ ወረቀት ግን ጀርባ አለው። ከስምንት ወር በፊት አንድ ቀን ገልበጥ ባደርገው «ትናንት ስትስቅ ሰማሁህ፤ ለምን ቶሎ ተውከው?» ይላል። ከዚያ ወዲህ የተጻፈልኝን ሁሉ የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከክሪኩ ሥር፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ሌላ ሾፌር ወርቅ ቢያስቀምጥ እንደዚያ አይጠነቀቅም።

የዛሬው ወረቀት ፊቱ ላይ «አራት ሰው። ባለ መነጽሯ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ቀስ በል» ይላል። ጀርባው ላይ ደግሞ፦

«ስምንት ሰዓት ላይ ዛፏ ጋ እጠብቅሃለሁ። ዛሬ ማታ ከከበሮው በኋላ አባዬ ቁጥር አንድን ታገቢያለሽ ወይ ብለው በቤተሰቡ ፊት ይጠይቁኛል። ከዚያ በፊት አንተን የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ። እንዳትቀር።»

በምን እንደምትመጣ አልጻፈችም።

ዛፏ በዚያ ሁሉ አሸዋ ውስጥ ያለች አንዲት ዛፍ ናት። የኔና የሷ ናት። ዛሬ መንገድ የማየት ተራው የኔ ነበር። ነፋስ በየቀኑ አሸዋውን ስለሚያዛውረው፣ እንግዳ ከመጫኑ በፊት አንድ ሾፌር ብቻውን ሄዶ መንገዱን ያያል። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮረብታው ጫፍ ደረስኩ። ዘገየሁ፤ ሸሚዝ ስቀይር ነው የዘገየሁት።

ዱካውን ያየሁት ከኮረብታው ጫፍ ነው። ትኩስ የጎማ ዱካ። ከዋናው መንገድ ወጥቶ፣ ዛፏን ዞሮ፣ ከክምሩ ጀርባ ገብቷል። የገባ አለ፤ የወጣ የለም። ወርጄ ተንበረከክሁ። በየሁለት እርምጃው፣ በዱካው ጠርዝ ላይ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ታትሟል። ያን ቅርጽ አውቀዋለሁ። ባለፈው ወር ቁጥር አንድ ስለታም ድንጋይ ላይ ወጥቶ የኋላ ጎማው ጠርዝ ተቆርጦበታል። እኔ ነኝ ያሳየሁት።

ነፋሱ ከክምሩ ጀርባ ሳቅ አመጣልኝ። የሷ ሳቅ። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፤ የማን እንደሆነ ነፋሱ ቆራርጦ በታተነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔ ጆሮ ግን ያን ቀን ከባዳም ባሰብኝ። ሰማ፤ ተጨማሪ እንዳይሰማም ፈራ። ሞተሩን እንኳ በቅጡ ሳላስነሳ፣ መኪናውን በቁልቁለቱ አንሸራትቼ ተመለስኩ። አዲሱ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

*

«ወረቀቱ ላይ ቀስ በል የተባልከው ለኔ አይደል?» አሉ ባለ መነጽሯ እትዬ፣ መኪናው ከአንድ የአሸዋ ክምር አናት ላይ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋ። «ነፍሴ እኮ ኋላ ቀረች! ተመልሰን እንውሰዳት!»

«ይቅርታ እትዬ።»

«የተናደደ ሰው ነው እንዲህ የሚነዳ። ማን ነው ያናደደህ?»

«ማንም።»

«እሱ ማንም የሚሉት ሰውዬ ብዙ ቤት አፍርሷል» አሉና በፌስታል ውስጥ ሎሚ ፈለጉ።

እኔ የመጨረሻው መኪና ነኝ። የመጨረሻ የሚነዳ ሰው የሁሉንም ዱካ ይረግጣል፣ የአንዱንም አይለይም። የቁጥር አንድ ጎማ ከፊቴ የት እንዳለፈ እያየሁ ነበር፤ ግን ሦስት መኪና ተደራርቦበታል። ቢሆንም ግማሽ ጨረቃዋን በየቦታው አየኋት። በሌለችበት ሁሉ አየኋት።

ካምፑ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ የአንድ ጣት ያህል ቀርቷታል። መግቢያው ላይ ፎቶ መነሻ ግመሎች ተንበርክከው ያመነዥካሉ። መሐል ላይ ትልቁ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ዙሪያውን ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎችና ትራሶች አሉ። ከወጥ ቤቱ ድንኳን የጥብስ ጭስ ይወጣል። እሷ የመዝገብ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ መኪናዬ መጣች። ፊቷ ፀሐይ መትቶት ቀልቷል፤ የዓይኗ ሽፋን አብጧል። የት ስትውል ነው ፀሐይ የመታት? አልኩ በልቤ። መልሱን ደግሞ ራሴው ሰጠሁ።

እንግዶቹ ወርደው ወደ ግመሎቹ እስኪሄዱ ጠበቀች።

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«መንገድ ሳይ።»

«መንገዱ በዛፏ በኩል አያልፍም?»

«ያልፋል። ግን ቦታው ተይዞ ነበር።»

ቅንድቧን ሰበሰበች። ስትጽፍ ቃል ሲጠፋባት እንደዚያ ታደርጋለች።

«ተይዞ ነበር ማለት?»

«ቁጥር አንድን ጠይቂው። ጎማው የት የት እንደዋለ እሱ ያውቃል።»

ወዲያው እንዲገባት ፈልጌ ነበር፤ ገባት። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት። ከዓይኗ ጀመረ፣ ወደ አፏ ወረደ፣ ከንፈሯ ላይ ቆመ።

«እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ…» ብላ ጀመረች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ! ከሱ ጋር ሁለት ሰዓት ሙሉ!

«እናንተ ልጆች፣» አሉ ባለ መነጽሯ እትዬ ከኋላዬ፣ «መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል ነው? ከዚህ ልጅ ጋር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኼንኑ ነው።»

«በዚህ በኩል እትዬ፣ እኔ ላሳይዎት» አለች። ድምፅዋ ለእንግዳ የሚሆነው ሆነ፦ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ የማንም ያልሆነ። ክንዳቸውን ይዛ ሄደች። የጀመረችው ዐረፍተ ነገር እኔ ጋ ቀረ፤ እንደ አሸዋ ጥርሴ መሐል ገብቶ ተንቀጫቀጨብኝ።

*

እራቱ ሲጀመር እኛ ሾፌሮች እንደ ወትሮው ከምንጣፉ ውጭ፣ የድንኳኑ ሸራ ሥር፣ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ከምንጣፉ አናልፍም። የአለቃ ትእዛዝ ነው፦ ጫማችን ዘይትና አሸዋ ይዟል።

«ጆሮ፣ ሥጋው ሸሸህ እንዴ?» አለኝ አጠገቤ ያለው ሾፌር። «ለኔ አሳልፍልኝ፤ እኔ አላባርረውም።»

ሳህኔን ሰጠሁት። ዓይኔ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አለቃ መሐል ተቀምጠዋል፤ በቀኛቸው የሆቴሉ ጌታና ሚስቱ፤ በግራቸው እሷ፤ ከሷ ቀጥሎ ቁጥር አንድ። በእሳት የሚጫወተው ባለ እሳቱ ምንጣፉ ላይ የሚነድ ዱላውን እያሽከረከረ ነው። ቀን ቀን ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከእሳት ተላቆ አያውቅም። ልጆች ይጮኻሉ፣ እንግዶች ያጨበጭባሉ። እኔ የማየው በእሳቱ ብርሃን ፊቷ ብቅ ጥልቅ ሲል ነው።

ቁጥር አንድ ዳቦ አቀበላት። አልወሰደችም። ሰው እንዳይጠረጥር ነው አልኩ። ብርዱ ሲመጣ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። አንስታ ትራሱ ላይ አጥፋ አስቀመጠችው። እኔ እንዳላይ ነው አልኩ። አንድ ጊዜ ወደኛ ጨለማ ዞራ አየች። እዚህ መሆኔን ለማረጋገጥ ነው አልኩ። ብትስቅ ኖሮ ይኸው ሳቀች እል ነበር፤ ስላልሳቀች ይኸው ፈራች አልኩ። ጥርጣሬ አስቸጋሪ እንግዳ ነው፤ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል።

ባለ እሳቱ ጨርሶ እጅ ነሣ። ከበሮ መቺው ሁለቱን ከበሮዎቹን ይዞ ወጣ። ልቤ ከበሮውን ቀድሞ መምታት ጀመረ። ከከበሮው በኋላ ትጠየቃለች። ምን ቸገረኝ? መልሱን ቀን ሰጥታዋለች አይደል? እንዲህ እያልኩ ግን የከበሮው ምት እንዳያልቅ እጸልይ ነበር።

«አንተ ጆሮ!» የሚል ሹክሹክታ ከጀርባዬ መጣ። ጋሽ ከሰል ናቸው። የካምፑ ጥብስ አብሳይም፣ የስንቅ መኪናው ሾፌርም እሳቸው ናቸው። እሷን ገና በዳዴ ስትሄድ ጀምሮ አዝለው አሳድገዋታል ይባላል። «በረዶ አልቆብኛል፤ ከተማ ደርሼ ልምጣ። የኋላ ጎማዬ ግን ተንፍሷል። እንግዲህ ላንተ ጆሮ ያጉረመርም እንደሆነ እየው።»

ደስ አለኝ። መሸሻ አገኘሁ። ኮምፕሬሰሩን ይዤ ከወጥ ቤቱ ድንኳን ጀርባ ተከተልኳቸው። የቀኝ የኋላ ጎማው እውነትም ጎድሏል። ተንበርክኬ ቱቦውን ገጠምኩና፣ ምስማር ገብቶበት እንደሆነ ለማየት እጄን ጥርሱ ላይ አዞርኩ።

ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ገደል ገባ።

ጠርዙ ላይ ነው። የተቆረጠ። ግማሽ ጨረቃ።

«ጋሼ… ይኼ ጎማ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! የጎረቤት ጎማ ይዤ የምዞር መሰለህ?»

«አይቀልዱ ጋሼ። ከየት መጣ?»

«አንተው አይደለህ እንዴ ያሰርክልኝ? ማክሰኞ ለት፣ መሽቶብን፣ መጋዘኑ ውስጥ መብራት የለም ብለህ እየተሳደብክ ያወጣኸው። ቁጥር አንድ አዲስ አስገብቶ የጣለው ነው አለኝ ጎሚስታው። እኔ አልከፋኝም፤ አሮጌ ላሮጌ እንተዛዘላለን።»

ማክሰኞ። በጨለማ ጎማ አንከባልዬ አወጣሁ፣ ስኮርታ ስኮርታ ነው ብዬ ጥርሱን እንኳ ሳልዳስስ ብሎኑን አጠበቅሁ። የአምስቱም መኪናና የስንቁ መኪና ጎማ አንድ ልክ ነው። በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

ጋሽ ከሰል ወደ ድንኳኑ አየት አድርገው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ላንተ ምን አገባህ? … ልጅቷ ዛፏ ጋ ያድርሱኝ አለችኝ፣ አደረስኳት። ሰው ነው የምጠብቀው አለች፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኔ መኪናው ውስጥ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ እሷ ውጭ ትቆማለች። መጀመሪያ ላይ ሽንኩርቱ ሲያስለቅሰኝ ስቃብኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያ ፀሐይ ላይ! ኋላ እሷም አለቀሰች። ምነው ስላት ሽንኩርቱ ነው አለችኝ። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ውጭ ለቆመ ሰው ምን ሽንኩርት ይደርሰዋል?»

ኮምፕሬሰሩ ያጉረመርማል። ጎማው እየሞላ፣ እየሞላ፣ እየጠነከረ ሄደ። እኔ ግን ከውስጤ አንድ ነገር ሽሽሽ እያለ ሲወጣ ይሰማኛል። የሚጮኸው አልፏል፤ የሚያፏጨው አልፏል።

ከድንኳኑ ወዲያ ከበሮው ቆመ።

*

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ጭብጨባው ሲያልቅ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ደርሼ ነበር። አለቃ ብርጭቆአቸውን ይዘው ቆመዋል።

«…እንግዲህ ልጄ፣ እነዚህ ቤተሰቦች ምን ፈልገው እንደመጡ ታውቂያለሽ። እኔም ደስታዬ ነው። መልሱ ግን ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

እሷ የመዝገብ ሰሌዳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላለች። ቁጥር አንድ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ያን ጊዜ ብቻ ነው እሱም እንደኔ የሚፈራ ሰው መሆኑን ያየሁት።

ጫማዬን አላወለቅሁም። በዘይቱም በአሸዋውም ምንጣፉን ረግጬ ገባሁ።

«አንተ!» አሉ አለቃ። «ምን ሆነሃል?»

ለሳቸው አልመለስኩም። «ዱካው የጋሽ ከሰል መኪና ነበር» አልኳት።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ወደ ጫማዬ አዩ።

«የምን ዱካ?» አለ ቁጥር አንድ። «ጎማ ፈነዳ እንዴ?»

አንድ ሰው ሳቀ። ከወዲያ ማዶ ያሉት ባለ መነጽሯ እትዬ ግን አልሳቁም። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ጎማውን እኔው ነኝ ያሰርኩት» አልኩ። «መጥቻለሁ። ኮረብታው ድረስ መጥቻለሁ። ሳቅሽን ሰምቼ ተመለስኩ። ሃያ እርምጃ ብጨምር ኖሮ አገኝሽ ነበር። ጠረጠርኩሽ። … ምን ልትጠይቂኝ እንደነበር አላውቅም። መልሱ ግን እሺ ነው። ምንም ይሁን፣ እሺ ነው።»

የሆቴሉ ጌታ ሚስት ወደ ባሏ ዞራ «ይኼ ሾፌር አይደለም እንዴ?» አለች።

«ልጄ» አሉ አለቃ፣ አሁን ቀስ ብለው። «ምንድን ነው የሚለው ይኼ ልጅ?»

እሷ ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው፤ ከጎማው የተነሣ ጥቁር ነበር። ቀጥሎ ፊቴን አየች። ስምንት ወር ሙሉ ያን ዓይን አንብቤዋለሁ፤ ከወረቀቱ ጀርባ ይልቅ የማነበው እሱን ነበር። አሁን ግን የተጻፈበትን ማንበብ አቃተኝ። ቁጣ ነው እንዳልል ለስላሳ ነው፤ ይቅርታ ነው እንዳልል ሩቅ ነው።

ተነሣች። ሰሌዳዋን ገልጣ የነገ ወረቀቶችን አወጣች። ሁልጊዜ ከእራት በኋላ ለየሾፌሩ የምታድለው ነው። ከመሐል አንዱን መዝዛ ለኔ ሰጠችኝ። ሌሎቹን ከነሰሌዳው አባቷ ፊት፣ ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠች።

ወረቀቱን አየሁ። «አምስት ሰው። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ቀስ በል።» ገለበጥኩት።

ጀርባው ባዶ ነበር።

ቀና ስል በአጠገቤ አልፋለች። አባቷ ጠሯት፤ አልዞረችም። ቁጥር አንድ ኮቱን ይዞ ተነሣ፤ አልዞረችም። እኔ ስሟን ጠራሁ። በሰው ፊት ስሟን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። እርምጃዋ አንድ ጊዜ የዘገየ መሰለኝ። አሸዋው ከብዷት ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

ጋሽ ከሰል የስንቁን መኪና ሞተር አስነሥተው ነበር። በሩን ከፍታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሽማግሌው እሷን አዩ፣ በመስኮት አሻግረው እኔን አዩ፣ ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። መኪናው የከተማውና የዛፏ መንገድ ወደሚለያዩበት መገንጠያ ተንቀሳቀሰ። የኋላ ቀይ መብራቱ ከመጀመሪያው ክምር ጀርባ ጠለቀ፤ ከሁለተኛው ላይ ብቅ አለ፤ ከዚያ አልታየም።

ከኋላዋ፣ በግመሎቹ መሐል፣ በየሁለት እርምጃው አንዲት ግማሽ ጨረቃ አሸዋው ላይ ታትማ ቀረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነፋሱ እስኪነጋ ያጠፋት ነበር።

ያን ምሽት ነፋስ አልነበረም።